ሥራ ፈላጊው ስለ ራሱ እንዴት ይጻፍ?

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ጥቂት ደቂቃ እንድትሰጡኝ የምለምናችሁ ስለ አንዲት ወረቀት ለመነጋገር ነው። ይህች ወረቀት ከአንድ ወይም ከሁለት ገጽ አትበልጥም። ነገር ግን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተምሮ ያበቃ ወጣት በእርሷ ጉድለት ብቻ ከደጅ ሲመለስ እናያለን። ሥራ ፈላጊ ከማመልከቻው ጋር አያይዞ የሚያቀርባት የትምህርትና የሥራ ታሪክ መግለጫ ናት። ወጣቶቻችን «ሲቪ» ይሏታል፤ ስሙ ከላቲን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው «የሕይወት ሩጫ» እንደ ማለት ነው። «ሬዙሜ» የሚሏትም አሉ፤ ይህ ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሆኖ «ተጠቃሎ የቀረበ» ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱን ስሞች ባንድነት ስናያቸው የወረቀቷን ጠባይ ይነግሩናል፤ ሩጫው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ የሚቀርበው ግን ተጠቃሎ ነው።

ይህን ጉዳይ ለመንግሥት ሠራተኞች መናገር ለምን አስፈለገ? ትሉኝ ይሆናል። በሐምሌ ወር በየቤታችን የምርቃት ድግስ ይደገሳል፤ አበባ ይታቀፋል፥ ፎቶግራፍ ይነሣል። መስከረም ከጠባ በኋላ ያው ተመራቂ በማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ይውላል። ጥቅምትና ኅዳር አልፈው መልስ ሲያጣ ወደ አጎቱ ወይም ወደ አክስቱ ዘንድ ይመጣና አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፥ እዚያ መሥሪያ ቤት የሚያውቁት ሰው ካለ እባክዎ ስልክ ይደውሉልኝ» ይላል። ይህን ቃል ያልሰማ የመንግሥት ሠራተኛ የሚገኝ አይመስለኝም። ስለዚህም ስልኩን ከማንሣታችን በፊት የልጁን ወረቀት አንሥተን ብናይ ምን እንደምናገኝ ዛሬ እንነጋገር።

በቀድሞው ዘመን ሹመት ወይም ሥራ የሚፈልግ ሰው ደጅ ይጠና ነበር። ከጌታው አጥር ሥር ወራትን፥ አንዳንድ ጊዜም ዓመታትን ቆሞ፥ ጌታው ሲወጣና ሲገባ እጅ እየነሣ፥ ዓይን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ይጠባበቃል። ደጅ ጥናት ብዙ ክፉ ጎን ነበረው። አንድ በጎ ጎን ግን አልታጣበትም፤ ይኸውም ጌታው ሰውየውን በዓይኑ አይቶ፥ ጠባዩን በጊዜ ብዛት መርምሮ የሚያውቀው መሆኑ ነው። የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር በአንድ ሥርዓት የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በአገራችን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፥ ቅጥር በማስታወቂያ፥ በማመልከቻና በፈተና ይሁን የሚለው ሐሳብ እየሰፋ መጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ከደጅ የምትቆመው ወረቀቷ ናት። ወረቀት ደግሞ እጅ አትነሣም፥ ፊቷን አታሳዝንም፥ ያልተጻፈባትን አትናገርም። ለአንድ የሥራ ቦታ ብዙ መቶ ሰው ባመለከተ ጊዜም መራጩ ለእያንዳንዷ ወረቀት የሚሰጠው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና እስኪበርድ ድረስ እንኳ አይቆይም።

ታዲያ ልጆቻችን በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ የሚናገሩትን ለምን ያጣሉ? አንደኛው ምክንያት አስተዳደጋችን ነው። ራስን ማመስገን ነውር ነው ብለን፥ «ዝም አይነቅዝም» እያልን አሳድገናቸዋል። ይህ አስተዳደግ መልካም ነው። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ሲልም ተርቷል። ሁለቱ ምሳሌዎች የሚጋጩ ቢመስሉም የሚያስታርቃቸው ነገር በልማዳችን ውስጥ አለ። የቀድሞው ጦረኛ ከዘመቻ ሲመለስ በአለቃው ፊት ይፎክር እንደ ነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ዘራፍ!» ካለ በኋላ በየትኛው ጦርነት እንደ ዋለና ምን እንደ ፈጸመ በቦታውና በስሙ ይናገራል። አብሮት የዋለው ጓደኛው ደግሞ አጠገቡ ቆሞ ይሰማዋል፤ ያላደረገውን ቢጨምርበት ኀፍረቱ እዚያው ነው።

ከዚህ የምንማረው ራስን ማመስገንና ሥራን መናገር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። «ትጉህ ነኝ፥ ታማኝ ነኝ፥ ከሰው ጋር ተግባብቼ እሠራለሁ» የሚለው ራስን ማመስገን ነው፤ ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል፤ ሰነፉም ይጽፈዋል። «በዚህ ቀን፥ በዚህ ቦታ፥ ይህን ያህል ሥራ ሠራሁ» የሚለው ግን ምስክር የሚቆምለት ቃል ነው። በሰዋስው ቋንቋ ልናገር ብል፥ ቅጽሉን ሌሎች ይስጡን፤ የኛ ድርሻ ግሱ ነው።

ወደ ውጭው ዓለም ተሻግረን አንድ የታወቀ ምሳሌ ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ እ.ኤ.አ. በ1482 ገደማ፥ የ30 ዓመት ሰው ሳለ፥ ከሚላኖ ገዥ ከሎዶቪኮ ስፎርዛ ዘንድ ሥራ ለመጠየቅ የተዘጋጀ የደብዳቤ ረቂቅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል። ዘመኑ የጦርነት ዘመን ነበር። ሊዮናርዶም እስከዚያ ጊዜ የሚታወቀው በሥዕል ነበር። በደብዳቤው ግን ስለ ሥዕል አልጀመረም። ጉዳዩን በዐሥር ቁጥር ከፍሎ፥ ተሸክመው የሚያንቀሳቅሱት ቀላል ድልድይ፥ ከምሽግ ዙሪያ ያለውን ውሃ የማድረቅ ዘዴ፥ መድፍ፥ ከመሬት በታች የሚሄድ መንገድና የተሸፈነ ሠረገላ መሥራት እንደሚችል አንድ በአንድ ዘረዘረ። በሰላም ጊዜ ሕንፃ ማነጽ፥ ውሃ ከቦታ ወደ ቦታ መምራት፥ ሐውልት መቅረጽና ሥዕል መሣል እንደሚችል የጠቀሰው በዐሥረኛው ቁጥር ላይ ነው። ገዥው ለአባቱ መታሰቢያ እንዲሠራለት ይመኘው የነበረውን የነሐስ ፈረስም ሳያነሣ አላለፈም። በመጨረሻም ከተዘረዘረው ውስጥ የማይቻል የሚመስል ነገር ቢኖር በፈለጉት ቦታ ለመፈተን ዝግጁ መሆኑን ገለጸ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ይህ ሰው እንደ ዛሬው ተመራቂ በሚጠየቀው ሥራ ብዙ ልምድ አልነበረውም። የጻፈውም ስለ ራሱ የሚወደውን አስቀድሞ ሳይሆን አንባቢው የሚቸገርበትን አስቀድሞ ነው፤ የጻፈውን ለይቶና ቆጥሮ አቀረበ፤ ለፈተናም ራሱን ሰጠ። ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም።

አሁን ወደ አገራችን ተመልሰን አንዲት ተመራቂ እናስብ። በሒሳብ አያያዝ፥ በተለምዶ አካውንቲንግ በሚባለው ትምህርት ተመርቃለች። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» ይላል። እርሷም ይህን አይታ «እኔ ምን ልምድ አለኝ?» ብላ፥ ስሟን፥ ትምህርት ቤቷንና የድምር ውጤቷን ከጻፈች በኋላ «ታታሪና ሥራ ወዳድ ነኝ» ብላ ትጨርሳለች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው። አጠገቧ ተቀምጠን ብንጠይቃት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። በትምህርቷ መካከል 8 ሳምንት በአንድ የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት የተግባር ልምምድ አድርጋለች። እዚያ ምን ሠራሽ? ብንላት መጀመሪያ «ምንም፤ ወረቀት አስተካክል ነበር» ትላለች። ምን ዓይነት ወረቀት? ስንላት የ3 ወር የወጪ ማዘዣዎችን ከባንክ መግለጫ ጋር ስታመሳክር እንደ ነበረች፥ ያልተገናኙ 14 ሒሳቦች አግኝታም ለኃላፊዋ በዝርዝር እንደ ሰጠች ትነግረናለች። ከዚህም በቀር በሰፈር ዕድር ለ2 ዓመት የአባቷን የገንዘብ ያዥነት መዝገብ የምትጽፈው እርሷ ነበረች።

እነዚህ ሁለት ነገሮች በወረቀቷ ላይ እንዲህ ሆነው ሊገቡ ይችላሉ፦ «በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ለ8 ሳምንት በተግባር ልምምድ ሳለሁ የ3 ወር የወጪ ማዘዣዎችን ከባንክ መግለጫ ጋር አመሳክሬ፥ ያልተገናኙ 14 ሒሳቦችን በዝርዝር አቅርቤያለሁ። የአንድ ዕድር የገቢና ወጪ መዝገብ ለ2 ዓመት ጽፌያለሁ።» በዚህ ውስጥ አንድም የምስጋና ቃል የለም። ሆኖም ታታሪነቷን፥ ታማኝነቷንና ጥንቃቄዋን መራጩ ራሱ ይደርስበታል። ራሱ የደረሰበትን ነገር ደግሞ ሰው አይጠራጠረውም።

ስለዚህ «ልምድ የለኝም» የሚል ወጣት አስቀድሞ በእነዚህ ቦታዎች ይፈልግ፦ በተግባር ልምምዱ፤ በመመረቂያ ጽሑፉ፤ በትምህርት ቤት ማኅበራት በነበረው ኃላፊነት፤ በክረምት በበጎ ፈቃድ በሠራው ሥራ፤ ታናናሾቹን ወይም የጎረቤት ልጆችን በማስጠናቱ፤ በቤተሰቡ ሱቅ ወይም እርሻ ላይ በነበረው ድርሻ። ያገኘውን እያንዳንዱን ነገር ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው፤ ምን ሠራሁ? ምን ያህል? በመጨረሻ ምን ተገኘ? ለሦስቱም መልስ ካለው ይጻፈው፤ ለአንዱም መልስ ከሌለው ግን ይተወው።

ስለ ወረቀቷ ሥርዓት ብዙ መናገር አያሻም። ከላይ ስምና አድራሻ፤ ቀጥሎ ትምህርት፤ ከዚያ ሥራና ልምምድ፤ ከዚያ ቋንቋና ልዩ ችሎታ፤ በመጨረሻ ዋቢዎች ይሆናሉ። በትምህርትም በሥራም የቅርቡ ይቀድማል፤ የሩቁ ይከተላል። ለጀማሪ አንድ ገጽ ይበቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ስለሚወስዱ፥ ያለፈ ሰው ይህንኑ ከዲግሪው አጠገብ ቢጠቅስ ይጠቅመዋል። ሃይማኖት፥ ብሔር፥ የጋብቻ ሁኔታና የመሳሰለው፥ ቀጣሪው በግልጽ ካልጠየቀ በቀር፥ ከሥራው ጋር ግንኙነት የለውምና ቦታ አይያዝበት። ዋቢም ከተያዥ ይለያል። ተያዥ ስለ ገንዘብ ይዋሳል፤ ዋቢ ግን ስለ ሥራና ስለ ጠባይ ይመሰክራል። ስለዚህ ዋቢ የሚሆነው ዘመድ ሳይሆን ያስተማረ ወይም ያሠራ ሰው ነው፤ ስሙም ሳይጠየቅ አይጻፍም።

በተለይ በኛ አገር ሁለት ነገሮች ብዙ ሰው ያሳስታሉ። የመጀመሪያው የዘመን አቈጣጠር ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የተመረቀ ወጣት ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «2014» ብሎ ቢያልፍ፥ የውጭ አገር ድርጅት ያለ አንባቢ ልጁን ከእውነተኛው ጊዜ 8 ዓመት አስቀድሞ የተመረቀ አድርጎ ይቈጥረዋል፤ ቀጥሎም «ይህን ሁሉ ዓመት ምን ሲሠራ ኖረ?» ብሎ ይጠራጠረዋል። ትክክለኛው ሐምሌ እ.ኤ.አ. በ2022 መሆኑ ነው። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ አንድ አቈጣጠር ብቻ ይኑር፤ የትኛው እንደ ሆነም ይገለጽ። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። እንደ ፀሐይና እንደ ጽጌ ያሉ ስሞች በላቲን ፊደል በሁለትና በሦስት መልክ ይጻፋሉ። በዲግሪው ላይ በአንድ መልክ፥ በፓስፖርቱ ላይ በሌላ፥ በማመልከቻው ላይ በሦስተኛ መልክ የተጻፈ ሰው፥ ሦስት ሰው ሆኖ ሊታይ ይችላል። የዲግሪውን አጻጻፍ ወስዶ በየስፍራው እርሱኑ መጠበቅ ነው።

ዛሬ ደግሞ ወረቀቷን አስቀድሞ የሚያነባት ሰው ላይሆን ይችላል። በየጊዜው ብዙ ሺህ ማመልከቻ የሚቀበሉ ድርጅቶች፥ ከማስታወቂያው ቃላት ጋር የሚስማማውን በኮምፒዩተር ፕሮግራም ይለያሉ። ቀለም የበዛበት፥ በሠንጠረዥና በሥዕል ያጌጠ ወረቀት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሊያደናግረው ይችላል። ስለዚህ አጻጻፉ ቀላል ይሁን፤ የሥራውም ስም ማስታወቂያው በጠራበት ስም ይጠራ። ማስታወቂያው «የንብረት ምዝገባ» ካለ፥ እኛም የሠራነው እርሱን ከሆነ፥ «የንብረት ምዝገባ» ብለን እንጻፍ። አንዲቱን ወረቀት ለሃምሳ መሥሪያ ቤት ማባዛትም ድካምን የሚያቃልል ይመስላል እንጂ አይጠቅምም። የሊዮናርዶ ዐሥሩ ቁጥሮች ለሚላኖው ገዥ የተጻፉ ነበሩና።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ነገር ልለፍ። ይኸውም ሐሰት ነው። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ወንጀል መሆኑን መናገር አያስፈልግም፤ በቅርብ ዓመታት መሥሪያ ቤቶች ወደ ኋላ ተመልሰው የሠራተኞቻቸውን ማስረጃ ሲያጣሩ፥ ዓመታት በሥራ ላይ የቈዩ ሰዎች ምን እንደ ደረሰባቸው አይታችኋል። እኔ የምፈራው ግን ይህን ትልቁን ሐሰት ብቻ አይደለም። ልምድ በማጣት የተጨነቀ መልካም ልጅ የሚያደርገውን ትንሹን ማጋነን እፈራለሁ። ሁለቱ ወር ስድስት ወር ይሆናል፤ «ረዳሁ» የሚለው «መራሁ» ይሆናል፤ በስም ብቻ የሚያውቀው የኮምፒዩተር ፕሮግራም «በሚገባ እችላለሁ» ይባልለታል። በቃል ፈተናው ዕለት አንድ ጥያቄ ይበቃል። ያን ጊዜ የሚወድቀው የተጋነነው አንድ መስመር ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ ያለው እውነተኛው ሁሉ አብሮት ይወድቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ስለዚህ ወጣቱ ከመላኩ በፊት እያንዳንዱን መስመር ጣቱን አስደግፎ «ስለዚህ ነገር ዐሥር ደቂቃ ብጠየቅ መናገር እችላለሁን?» ብሎ ራሱን ይፈትን።

ክቡራንና ክቡራት አድማጮቼ፤ በመጨረሻ ወደ እናንተ ልመለስ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በመራጭ ኮሚቴ ላይ ትቀመጣላችሁ። እዚያ ስትቀመጡ፥ ዓይናችሁ ጥሩ ቃል ሲያይ ቶሎ እንዳይደሰት፥ ቀላል ወረቀት ሲያይም ቶሎ እንዳይንቅ አደራ እላችኋለሁ። በከተማ ጥሩ ትምህርት ቤት ያደገው ልጅ መጻፍን ተለማምዷል፤ ከገጠር መጥቶ የተማረው ግን የሠራውን ሥራ እንደ ሥራ አይቈጥረውም። «ከዚህ በፊት ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ብሎ አንድ ጊዜ ጨምሮ መጠየቅ የመንግሥትን ጊዜ አያባክንም።

በቤት ግን የምንፈተነው በዚያ በስልኩ ጥያቄ ነው። ስልኩን ብንደውልና ልጁ ቢገባ፥ ወረቀቱ የበለጠች አንዲት የማናውቃት ልጅ በእርሱ ቦታ ከደጅ ትቀራለች። ልጁም ቢሆን በራሱ መግባቱን ዕድሜውን ሙሉ ሳያውቅ ይኖራል። ባንደውል ደግሞ ዘመድ ይቀየማል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ። አንድ ማታ ልጁን ጠርተን፥ ቡና አስፈልተን፥ ባዶ ወረቀት በፊቱ አስቀምጠን እንጠይቀው። እዚያ ምን ሠራህ? ምን ያህል? ማን አየህ? «ምንም» ሲል አንመነው፤ ደግመን እንጠይቀው። በስተመጨረሻ የራሱን ሥራ በራሱ እጅ ጽፎ ሲያየው፥ ደፍቶት የመጣውን አንገት ቀና አድርጎ ይሄዳል።

በስልክ የተገኘ ሥራ ደዋዩ ከሹመቱ የወረደ ዕለት ይሰጋል። እንዲህ የተጻፈች ወረቀት ግን ለሚቀጥለውም ለሦስተኛውም ሥራ ታገለግላለች፤ በየዓመቱም አንድ አንድ እውነተኛ መስመር ትጨምራለች።